እምነት በእስልምና ሃይማኖት ያለው ቦታ
(በራዲዮ ከተሰጠው ንግግር)

ከአዲስ አበባ ወደ ቃሊቲና ወደ አቃቂ በሚወስደው ጎዳና ላይ የሚገኘው ሳሪስ አቦ ስሙን ያገኘው ሕዝቡ በፍቅር «አቦ» እያለ ከሚጠራቸው ከጻድቁ ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ነው። ይሁን እንጂ በጻድቁ ስም በሚጠራው በዚህ ሠፈር የሚኖረው ሕዝብ ሃይማኖቱ አንድ ብቻ አይደለም። ሙስሊሙም ቤቱን ለማመልከት ሲፈልግ «ሳሪስ አቦ ነኝ» ይላል፤ ክርስቲያኑም የዒድ በዓል ሲደርስ ጎረቤቱን «እንኳን አደረሰህ» ይለዋል። በአንድ እድር ይቀባበራሉ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ በአንድ ባቡርና በአንድ አውቶቡስ ተሳፍረው ማለዳ ወደ ሥራ፣ ማታ ወደ ቤታቸው ይጓዛሉ።

በዚህ ዓይነት አብሮ የሚኖር ሰው የጎረቤቱን ሃይማኖት ውጫዊ መልክ በሚገባ ያውቀዋል። ሙስሊሙ በቀን አምስት ጊዜ እንደሚሰግድ፣ በረመዷን እንደሚጾም፣ የክርስቲያን ዕርድ እንደማይበላ የማያውቅ የከተማችን ነዋሪ አይገኝም። ነገር ግን ይኸ ሁሉ ከምን ሥር እንደሚበቅል፣ ማለትም ሰጋጁ በልቡ ምን እንደሚያምንና ያ እምነቱ በኑሮው ላይ ምን እንደሚያዝዘው የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ እንዳመለከተው ከኢትዮጵያ ሕዝብ ውስጥ ከመቶ 33.9 የሚሆነው ሙስሊም ነው። እንግዲህ ከሦስቱ ባለጉዳይ አንዱን የሚያህል ሰው የሚያምንበትን ነገር ሳያውቁ ሕዝብን በሚገባ ማገልገል አስቸጋሪ በመሆኑ፣ በዛሬው ንግግራችን በእስልምና ሃይማኖት እምነት ያለውን ቦታና መሠረታውያን የሆኑትን የእምነት ክፍሎች በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ሙስሊሞች እምነትን «ኢማን» ይሉታል። ይኸ የዐረብኛ ቃልና «እምነት» የሚለው የእኛ ቃል ከአንድ የሴም ቋንቋዎች ሥር የተገኙ ወንድማማቾች ናቸው። ግእዙ «አመነ» ካለው ግስ በአማርኛ አማኝ፣ ታማኝ፣ እምነት የሚሉት ቃላት ወጥተዋል፤ በዐረብኛም ከዚያው ሥር «ኢማን» ማለት እምነት፣ «አማና» ማለት አደራ፣ «አምን» ማለት ከስጋት መዳን ተገኝተዋል። ክርስቲያኑ በጸሎቱ መጨረሻ «አሜን» ሲል ሙስሊሙ «አሚን» ማለቱም ከዚሁ የተነሣ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ቋንቋዎች ማመንና መታመን ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው። ይኸንን ማስተዋል ወደፊት ለምንናገረው ነገር መንገድ ይከፍትልናል፤ በእስልምና ትምህርት አደራ የማይጠብቅ ሰው እምነቱ ጎደሎ ነውና።

የእስልምና መምህራን የእምነትን ትርጉም ሲያስተምሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት በኢማሙ ሙስሊም የሐዲስ ስብስብ ውስጥ ከሚገኝ አንድ ታሪክ ነው። ታሪኩን ያስተላለፉት ሁለተኛው ኸሊፋ ዑመር ኢብን አል-ኸጣብ ናቸው። አንድ ቀን ነቢዩ ሙሐመድ ከባልደረቦቻቸው ጋር ተቀምጠው ሳሉ ልብሱ እጅግ የነጣ፣ ጠጕሩ እጅግ የጠቆረ፣ የመንገድ ድካም የማይታይበት፣ ነገር ግን ማንም የማያውቀው እንግዳ መጣ፤ ጉልበቱን ከጉልበታቸው አስጠግቶም ተቀመጠና ጥያቄዎችን ጠየቃቸው። እስልምና ምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው አምስቱን ሥራዎች፣ ማለትም የምስክርነትን ቃል፣ ሶላትን፣ ዘካን፣ የረመዷንን ጾምና ለሚችል ሰው ሐጅን ዘረዘሩለት። ኢማን ምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው ስድስት የሚታመኑ ነገሮችን ነገሩት። ኢሕሳን ምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው ደግሞ ሰው አምላኩን እንደሚያየው ሆኖ ማምለኩ፣ እርሱ ባያየው እንኳ አምላኩ እንደሚያየው ማወቁ መሆኑን አስረዱት። እንግዳው ከሄደ በኋላ፣ ሃይማኖታቸውን ሊያስተምራቸው የመጣው መልአኩ ጂብሪል እንደነበረ ለባልደረቦቻቸው ገለጡላቸው።

ከዚህ ታሪክ እንደምንረዳው ሃይማኖቱ ሦስት ደረጃ አለው፤ በአካል የሚሠራ፣ በልብ የሚታመን፣ ሁለቱንም የሚያሳምር። በልብ የሚታመኑት ስድስቱ «የኢማን ማዕዘናት» ይባላሉ። እነርሱንም በየተራ እንመልከታቸው።

አንደኛው በአላህ ማመን ነው። የእምነቱ ሁሉ ራስ «ተውሒድ» የሚባለው የአምላክን አንድነት ማወቅ ነው። አላህ አንድ ነው፤ አልወለደም፣ አልተወለደም፣ አምሳያ የለውም። ለእርሱ ብቻ የሚገባውን አምልኮ ለሌላ መስጠት «ሺርክ» ይባላል፤ ይኸም ከኃጢአት ሁሉ የከፋ ነው። ይኸ ትምህርት ለሰው ኑሮ የሚሰጠው ፍሬ ግልጽ ነው። ግንባሩን በምድር ላይ የሚደፋው ለፈጣሪው ብቻ መሆኑን የሚያምን ሰው ሹሙን ሊያከብር ይችላል እንጂ አያመልከውም፤ እንጀራውም ከሰው እጅ ቢቀበለውም ከሰው የመጣ አይመስለውም።

ሁለተኛው በመላእክት ማመን ነው። ሙስሊሞች መላእክት ከብርሃን የተፈጠሩ፣ የአምላካቸውን ትእዛዝ የማይተላለፉ አገልጋዮች መሆናቸውን ያምናሉ። ጂብሪል ራእይን አድራሽ ነው፤ ኢስራፊል በመጨረሻው ቀን መለከት ነፊ ነው። ከእነርሱም ሌላ ከሰው የማይለዩ፣ በጎውንም ክፉውንም የሚመዘግቡ ሁለት ጸሐፊዎች አሉ። በመዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው የዚህ እምነት ትርጉም ከሌላው ይልቅ ሳይገባው አይቀርም፤ ፋይል ሊጠፋ፣ ቀን ሊሠረዝ፣ ማኅተም ሊሠረቅ ይችላል፤ የእነዚህ ጸሐፊዎች መዝገብ ግን የማይጠፋ መሆኑን አማኙ ያውቃል።

ሦስተኛው በመጻሕፍት ማመን ነው። ሙስሊም የሚያምነው በቁርኣን ብቻ አይደለም። ለሙሳ የተሰጠውን ተውራት፣ ለዳውድ የተሰጠውን ዘቡር፣ ለዒሳ የተሰጠውን ኢንጂል ከአምላክ የወረዱ መሆናቸውን መካድ ለእርሱ ከእምነት የሚያስወጣ ነው። የመጨረሻው መጽሐፍ ቁርኣን ሲሆን 114 ምዕራፎች አሉት። በአገራችን ይኸ መጽሐፍ ለብዙ ዘመን በዐረብኛ ብቻ ሲቀራ ከኖረ በኋላ በሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና በሐጅ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብ ተተርጕሞ በ1961 ዓ.ም. በአማርኛ ታትሟል። በዚህም ምክንያት ዐረብኛ የማያነብ ኢትዮጵያዊ፣ ሙስሊምም ሆነ ሌላ፣ የመጽሐፉን አሳብ በሚያውቀው ቋንቋ ለመመልከት ችሏል።

አራተኛው በመልእክተኞች ማመን ነው። በቁርኣን ውስጥ በስማቸው የተጠሩ 25 ነቢያት ሲኖሩ ከእነርሱም መካከል ኑሕ፣ ኢብራሂም፣ ሙሳ፣ ዒሳና የነቢያት መደምደሚያ የሚባሉት ሙሐመድ ይገኛሉ። እዚህ ላይ በእስልምናና በክርስትና መካከል ያለውን ልዩነት ሳይሸፋፍኑ መናገር ይገባል። ሙስሊሞች ዒሳ ከድንግል መርየም ያለ አባት መወለዱንና ተአምራት ማድረጉን ያምናሉ፤ አምላክነቱንና መሰቀሉን ግን አይቀበሉም። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ሆኖም የመርየምን ስም በንቀት የሚያነሣ ሙስሊም የራሱን እምነት የሚጻረር መሆኑን ማወቅ ለጎረቤት ሁሉ ይጠቅማል።

አምስተኛው በመጨረሻው ቀን ማመን ነው። ሙታን ይነሣሉ፤ ሥራ በሚዛን ይመዘናል፤ ለእያንዳንዱም እንደ ሥራው ይከፈለዋል። በዚህ ትምህርት ውስጥ ለመንግሥት ሠራተኛ በተለይ ሊጤን የሚገባው የአምላክ መብትና የሰው መብት ተለይተው መቆጠራቸው ነው። ሰው በአምላኩ ላይ የበደለው በንስሓ ሊሰረይለት ይችላል፤ በሰው ላይ የፈጸመው ግፍ ግን የተበደለው ካልተካሰ ወይም ይቅር ካላለ ይፈለግበታል። ነቢዩ ሙሐመድ የከሰረ ሰው ማን እንደሆነ ባልደረቦቻቸውን በጠየቁ ጊዜ፣ ገንዘብ የሌለው ነው ብለው መለሱላቸው። እርሳቸው ግን የከሰረ ማለት ሶላቱን፣ ጾሙንና ዘካውን ይዞ ቀርቦ፣ ነገር ግን አንዱን ሰድቦ፣ የሌላውን ገንዘብ በልቶ፣ ሌላውን ደብድቦ በመገኘቱ በጎ ሥራው ሁሉ ለተበደሉት ተከፋፍሎ የሚያልቅበት መሆኑን አስተማሩ።

ግብር እንዲሰበስብ የተላከ አንድ ሰውም በተመለሰ ጊዜ ያመጣውን ከፍሎ፣ ይኸኛው የእናንተ ነው፣ ያኛው ግን ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው ቢል፣ ነቢዩ ተቆጥተው፣ በአባቱ ወይም በእናቱ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደሆነ ጠይቀዋል። በሥልጣን ምክንያት የተወሰደውን ሁሉ ሰውየው በመጨረሻው ቀን በጫንቃው ተሸክሞት እንደሚቀርብም አስጠንቅቀዋል። ጉቦን «መተያያ» ወይም «የሻይ» በሚል ስም ለሚሸፍን ሰው ከዚህ የበለጠ ግልጽ መልስ አይገኝም።

ስድስተኛው በቀደር፣ ማለትም በጎም ሆነ ክፉ የሚደርሰው ሁሉ በአምላክ ዕውቀትና ውሳኔ መሆኑን ማመን ነው። ብዙ ሰው በስሕተት የሚተረጕመው ይኸን ማዕዘን ነው። ባለጉዳዩ «ኢንሻአላህ» ሲል የሰማ ሰው ነገሩን የስንፍና ምክንያት አድርጎ ይወስደዋል። በእውነት ግን ቃሉ «አላህ ከፈቀደ» ማለት ሲሆን የሚነገረውም ሰው የራሱን ድርሻ ለመፈጸም ካሰበ በኋላ ነው። ግመሉን ሳያስር በአምላክ መታመን ይችል እንደሆነ ለጠየቀ ሰው ነቢዩ የሰጡት ምክር አስቀድሞ እንዲያስር፣ ከዚያም እንዲታመን ነበር። ኸሊፋው ዑመርም በሂጅራ አቈጣጠር በ18ኛው ዓመት ወደ ሶሪያ ሲጓዙ በዚያ ወረርሽኝ መግባቱን በሰሙ ጊዜ ከመንገድ ተመለሱ። ከአምላክ ውሳኔ መሸሽ ነውን ተብለው ሲጠየቁ፣ ከአምላክ ውሳኔ ወደ አምላክ ውሳኔ መሸሽ መሆኑን ተናገሩ፤ አንዱ ጐኑ ለምለም፣ ሌላው ጐኑ ደረቅ በሆነ ሸለቆ ውስጥ መንጋውን የሚያሰማራ እረኛ ከሁለቱ አንዱን ቢመርጥ ያው በውሳኔው ውስጥ መሆኑንም በምሳሌ አስረዱ። እንግዲህ ቀደር ከሥራ በፊት እጅ ማጠፊያ ሳይሆን ከሥራ በኋላ ልብ ማረፊያ ነው። ያገኘ እንዳይታበይ፣ ያጣም ተስፋ እንዳይቈርጥ ያደርጋል።

ማዕዘናቱን ካየን ዘንድ አንድ ትልቅ ጥያቄ ይከተላል። ስድስቱን በልቡ አምኖ በሥራው የሚሳሳት ሰው አማኝ ነው ወይስ አይደለም? ይኸ ጥያቄ በእስልምና ታሪክ ደም ያፈሰሰ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ657 ከተደረገው ከሲፊን ጦርነት በኋላ የተገነጠሉት ኸዋሪጆች ከባድ ኃጢአት የሠራውን ሁሉ ከሃዲ ነው ብለው ፈረዱ፤ ፍርዳቸውንም በሰይፍ ፈጸሙ። ሙርጂአ የተባሉት በተቃራኒው እምነት ካለ ሥራ አይጐዳውም ወደ ማለት አዘነበሉ። ሙዕተዚላዎች ደግሞ ኃጢአተኛው በሁለቱ መካከል ነው አሉ። ብዙኀኑ የሱኒ መምህራን የተስማሙት ግን ኃጢአተኛ ሙስሊም እምነቱ ይጐድላል እንጂ ኃጢአቱን የተፈቀደ ነው እስካላለ ድረስ ከሃይማኖቱ አይወጣም በሚለው ነው።

ከዚህም ጋር የሚሄድ አንድ ታሪክ አለ። በጦር ሜዳ ላይ አንድ ጠላት የእምነቱን ቃል ሲናገር ኡሳማ ኢብን ዘይድ ሰይፍ ፈርቶ ነው ብሎ ገደለው። ነቢዩ ይኸን በሰሙ ጊዜ፣ ቃሉ ከልብ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ የሰውየውን ልብ ከፍቶ አይቶ እንደሆነ ደጋግመው በመጠየቅ ገሠጹት። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ የሰውን ልብ መመርመር ለሰው ያልተሰጠ ሥልጣን መሆኑ ነው። በየዘመኑ ሌላውን ሙስሊም ከሃዲ እያሉ ደሙን የሚያፈስሱ ወገኖች የሚሽሩት ይኸንኑ ትምህርት ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ይኸ ሁሉ ለኢትዮጵያ ባዕድ ነገር አይደለም። በሙስሊሞች ታሪክ እንደሚነገረው፣ እ.ኤ.አ. በ615 ዓ.ም. ገደማ በመካ ስደት የደረሰባቸው የነቢዩ ተከታዮች ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱም መንግሥት መጡ። ቁረይሾች ዐምር ኢብን አል-ዓስን ከአንድ ጓደኛው ጋር ስጦታ አስይዘው በመላክ ስደተኞቹ ተላልፈው እንዲሰጧቸው ጠየቁ። ሙስሊሞች ነጃሺ የሚሏቸው ንጉሥ ግን የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምተው ለመፍረድ እምቢ አሉ፤ ስደተኞቹንም አስጠሩ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ቆሞ እምነታቸውን ሲያስረዳ ጣዖት ማምለክን ስለ መተው በተናገረበት አፉ እውነት ስለ መናገር፣ አደራ ስለ መመለስ፣ ዘመድን ስለ መርዳትና ጎረቤትን ስለ ማክበር ተናገረ፤ ቀጥሎም የመርየም ከተባለው ምዕራፍ አነበበ። ንጉሡም ስደተኞቹን አሳልፈው አልሰጡም፤ ስጦታውንም መለሱ።

ይኸ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፣ በእስልምና እምነትና ምግባር ከመጀመሪያው አንሥቶ ሳይነጣጠሉ መነገራቸውን ነው። ሁለተኛው፣ በአገራችን ችሎት ፊት የቀረበ እንግዳ እምነት በስጦታ ሳይሆን በቃሉ ተመዝኖ መታየቱን ነው።

ታሪካችን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1870 ዓ.ም. በወሎ በቦሩ ሜዳ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ አዘዙ። ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ እኒህም በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት ናቸው። ሸይኽ ጦልሐ ኢብን ጃዕፈርን የመሰሉ መምህራን ትእዛዙን ተቃወሙ፤ ከሕዝቡ ብዙው ተሰደደ፤ ብዙውም ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ቁርኣን ልቡ በእምነት ረግቶ ሳለ በግድ በአፉ የካደውን ሰው ከወቀሳ ነጻ ያደርገዋልና፣ ይኸ ሕዝብ ሃይማኖቱን በልቡ ሸሽጎ አቈየው። የወሎ መምህራንም የተውሒድን ትምህርት በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛና በመንዙማ ዜማ አድርገው መጽሐፍ ለማያነበው ገበሬ ሳይቀር አደረሱ። የትእዛዙ ውጤት ሲታይ ሰውነትን አጠመቀ እንጂ ልብን አልለወጠም። እምነት በዐዋጅ የማይገባ፣ በዐዋጅም የማይወጣ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ የለንም።

ሕጋችንም ይኸን ለመቀበል ረዥም መንገድ ተጉዟል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነት ጠይቀው ሰልፍ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተዋል፤ በ1967 ዓ.ም. ሦስቱ የእስልምና በዓላት የሕዝብ በዓላት ሆኑ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 27 ደግሞ የእምነት ነጻነትን ደንግጓል። የሸሪዓ ፍርድ ቤትም የቤተሰብን ጉዳይ የሚያየው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ብቻ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1207 የሕግ ሰውነት አግኝቷል።

ይሁን እንጂ ሕግ በወረቀት ላይ የሚጽፈውን በየቀኑ የሚፈጽመው በጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጠው ሠራተኛ ነው። ሙስሊሙ የሞተበትን ዘመድ ሳይውል ሳያድር ለመቅበር ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ነገሩ ሬሳን በማክበር ከሞት በኋላ ባለው ሕይወት ከማመን የመጣ መሆኑን የሚያውቅ አለቃ ወረቀቱን እስከ ነገ አያቈየውም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዓርብ የምሳ ዕረፍት ከሌላው ቀን መርዘሙም ለጁምዓ ሶላት የሚያመች መሆኑን የተረዳ የሥራ ጓደኛ ስብሰባን በዚያ ሰዓት አይጠራም። በእድር ድንኳን ውስጥ ለሙስሊሙ የተለየ ድስት መጣዱን ያየ ክርስቲያንም ነገሩ ንቀት ሳይሆን የእምነት ልማድ መሆኑን ያውቃል፤ እርሱ ራሱ የሙስሊም ዕርድ አይበላምና።

ይኸ አደራ ግን በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ሙስሊሙ ሠራተኛ በበኩሉ፣ ሁለቱ ጸሐፊዎች መኖራቸውን፣ በስጦታ ስም የተወሰደው በጫንቃ መቅረቡን፣ የሰው መብት በሶላት ብቻ የማይከፈል መሆኑን አምናለሁ ካለ፣ ይኸ እምነቱ መታወቅ ያለበት ባለጉዳዩ ከመስኮቱ ፊት በቆመ ጊዜ ነው። ባለጉዳዩ የአምላክን አንድነት በምን ቃል እንደሚገልጥ ሳይጠየቅ፣ ስሙ ገብረ መንፈስ ይሁን አብዱልቃዲር ሳይታይ፣ ጉዳዩ በተራውና በሕጉ ሲፈጸምለት ኢማን ከልብ ወደ እጅ ወረደ ማለት ነው። በሁለቱም ቋንቋዎች አማኝና ታማኝ ከአንድ ሥር የመውጣታቸው ምሥጢርም ይኸው ነው።